ምንጣፍ ላይ የተዘረጋው አማች

ሰው በሃያ ስድስት ዓመቱ ብዙ ነገር ይሆናል። አንዳንዱ ሐኪም ይሆናል፤ አንዳንዱ ሦስት ልጅ ወልዶ አራተኛውን ያስባል፤ አንዳንዱ እንደ እኔ ቀን ካርቶን ሲደረድር ውሎ ማታ ቤት አልመታ ካለው ግጥም ጋር ይጣላል። በሃያ ስድስት ዓመቱ ሽማግሌ የሆነ ሰው የሚያውቅ ካለ ግን ይጠቁመኝ፤ ማኅበር እናቋቁማለን።

እኔ ሆኜ አይቼዋለሁ። ያውም ላስ ቬጋስ ውስጥ፣ ያውም ለናይጄሪያውያን፣ ያውም የሐበሻ ልጅ ልጠይቅላቸው። እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ካልነገርኳችሁ "ይሄ ልጅ ጤና የለውም" ማለታችሁ አይቀርም። ከነገርኳችሁ በኋላም ብትሉ አልቀየምም።

ጣጣው የጀመረው በኮሮና ምክንያት ካዚኖዎቹ የተዘጉ ጊዜ ነው። በዲቪ መጥቼ አንድ ካዚኖ ውስጥ ካለ ምግብ ቤት ሳህን አነሳ ነበር። "ይቺ ከተማ ተኝታ አታውቅም" እያሉ ሲያስጎመጁኝ የነበሩ ሰዎች፣ ከተማዋ አንድ ቀን ድንገት ስትተኛ ከእኔው ጋር ሥራ ፈት ሆነው ተገኙ። ስንት ማመልከቻ ሞልቼ በመጨረሻ ኤፔክስ መጋዘን ገባሁ። ኤፔክስ ማለት ከተማው አልቆ፣ ቤቱ አልቆ፣ ዛፉ አልቆ፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ በረሃው ላይ የምታገኙት የመጋዘን መንደር ነው። መኪና ስላልነበረኝ ለመድረስ አውቶቡስ፣ እግርና ጸሎት ያስፈልገኝ ነበር። አንድ ጠዋት እዚያው መጋዘን ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት የሚነዳ ናይጄሪያዊ መንገድ ላይ አየኝና መኪናውን አቆመ።

"ሰውየው፣ እዚህ በረሃ ላይ በእግር የሚሄድ ወይ ነቢይ ነው ወይ እብድ። አንተ የትኛው ነህ?" አለኝ።

ኩንሌ ይባላል። በሳምንቱ ጓደኛዬ ሆነ፤ በወሩ እናቱ ቤት ክፍል ተከራይቼ ገባሁ።

እናቱ ማማ ኩንሌ ናቸው። የራሳቸውን ስም እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የሚጠሩት በመጀመሪያ ልጃቸው ስም ነው። የእኛም ሰፈር ሰው "የእገሌ እናት" ስለሚል በዚህ አልተገረምኩም። የገረመኝ፣ ቤት ኪራይ ከፍዬ የገባሁ መስሎኝ በማደጎ መግባቴ ነው። የዮሩባ ሰው ናቸው፤ በእሳቸው ቤት ከሁሉ በላይ የሚከበር አንድ ነገር አለ፤ "ሆም ትሬኒንግ" ይሉታል። እኛ አስተዳደግ የምንለው መሆኑ ነው። ሰው ሀብታም ሊሆን ይችላል፣ የተማረ ሊሆን ይችላል፣ ሆም ትሬኒንግ ከሌለው ግን በእሳቸው ፊት ከወንበር አይሻልም። ወንበር ቢያንስ አፍ አይመልስም።

በገባሁ ማግስት ጠዋት ቡና ፍለጋ እያዛጋሁ በአጠገባቸው አለፍኩ።

"አንተ ልጅ፣ አብረን ነው ያደርነው?" አሉኝ።

እናቴ ከአዲስ አበባ የመጣች መሰለኝ። ዞሬ ሰላም አልኳቸው። እንዴት አደሩ፣ እንቅልፍ እንዴት ነበር፣ ጉልበትዎን ተሻለዎት ወይ። ከዚያ በኋላ ጭንቅላታቸውን ነቅነቅ አድርገው አሳለፉኝ፤ ጉምሩክ ያለፍኩ ያህል ተሰማኝ። ሌላ ቀን ደግሞ ጨው አቀብለኝ ቢሉኝ ስልኬ በቀኝ እጄ ስለነበር በግራ ዘረጋሁላቸው። አልተቀበሉኝም። አልተቆጡኝምም። ጨውና እጄ አየር ላይ ቀረን፤ እሳቸው ዝም ብለው መስኮት መስኮቱን ያያሉ። ስልኩን ወደ ግራ፣ ጨውን ወደ ቀኝ ሳዛውር "አመሰግናለሁ የኔ ልጅ" ብለው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ተቀበሉኝ።

ይሄ እንግዲህ ለእንግዳ የተደረገ አስተያየት ነው። ኩንሌን ብታዩ! የሃያ ዘጠኝ ዓመት ጎልማሳ፣ ከትከሻው ስፋት የተነሳ በር የሚያልፈው በጎኑ፣ ላይኛው ፎቅ ተኝቶ ሳለ "ኩንሌ!" የሚል ድምፅ ይመጣል። "ማ!" ይላል፤ "አቤት እማዬ" ማለቱ ነው። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ይወርዳል። ማማ ኩንሌ የተፈለገውን ነገር በአገጫቸው ያሳያሉ። የቴሌቪዥን ሪሞት ነው። እጃቸው ሥር ነው ያለው። አንስቶ ይሰጣቸዋል፣ በቀኝ እጁ፣ ጎንበስ ብሎ።

"ለምን ራሳቸው አያነሱትም?" አልኩት አንድ ቀን።

በሐዘን አየኝ። "ታዲያ እኔን ለምን ወለዱኝ?" አለኝ።

አንድ ነገር ብቻ ያሳፍራቸው ነበር። ኩንሌ ሌጎስ ሳለ ሒሳብ ተምሮ ተመርቋል፤ እዚህ ዲግሪውን የሚያይለት ጠፍቶ ፎርክሊፍት ላይ ወጣ። ጓደኞቻቸው ሁሉ ልጆቻቸውን "ሐኪም"፣ "ጠበቃ" እያሉ በስልክ ሲደረድሩ ማማ ኩንሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው "የእኔ ሎጂስቲክስ ላይ ነው" ይላሉ። ውሸት አይደለም። ዕቃ ከዚህ ወዲያ ያነሳል።

የኩንሌ ብሶት ግን ሌላ ነበር። "ናይጄሪያዊ ነኝ" ባለ ቁጥር ሰው ፈገግ ብሎ፣ የንጉሥ ልጅ ነኝ እያለ ኢሜይል ስለሚጽፍ አጭበርባሪ ቀልድ ያወራለታል። ሁሉም አዲስ ቀልድ ያመጣ ይመስለዋል። ኩንሌም በጨዋነት ይስቃል፤ ሆም ትሬኒንግ ነዋ። አንዲት ሰው ብቻ ቀልዱን ሳታወራለት ቀረች፤ የእናቱን የደም ግፊት መድኃኒት የምትሰጠው የፋርማሲ ሠራተኛ፣ ሩት የምትባል የሐበሻ ልጅ። ከዚያ በኋላ የእናቱ መድኃኒት በጣም ቶሎ ቶሎ ያልቅ ጀመር።

ዓመት አልፎ ነገሩ ሲጠና ሩት ለአባቷ ነገረች። አባቷ ጋሽ ወርቅነህ የታክሲ ሾፌር ናቸው፤ አማርኛ የሚሰበክበት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ ከሽማግሌዎቹ አንዱ። "ናይጄሪያ" የሚለውን ቃል ሲሰሙ መጀመሪያ ያደረጉት ኪሳቸውን መዳበስ ነበር አለች ሩት። በመጨረሻ "ከልቡ ከሆነ በወጉ ሽማግሌ ይላክ" አሉ።

ኩንሌ ይህን ለእናቱ ሲያደርስ እኔ ወጥ ቤት ሳህን አጥብ ነበር። መሸሽ ነበረብኝ።

"እኛ እዚህ አገር ሽማግሌ የት አለን?" አሉ ማማ ኩንሌ። "ዘመድ ሁሉ ያለው ሂውስተንና ሌጎስ። በዚህ በሽታ ማን አውሮፕላን ይወጣል? አንክል ፌስተስ ብቻ ነው ያለን።" አንክል ፌስተስ የማንም አጎት አይደሉም፤ እነሱ ዘንድ ትልቅ ሰው ሁሉ አንክል ነው። ሊሙዚን ነጂ ነበሩ፤ ቱሪስቱ ከጠፋ ወዲህ ሊሙዚናቸው ግቢያቸው ውስጥ እንደ ታመመ አዞ ተጋድሟል። "ሌላ ማን አለ?"

ዞር ስል ሁለቱም እያዩኝ ነው።

"ማ፣ እኔ ልጅ ነኝ" አልኩ።

"አማርኛ ትችላለህ?"

"እችላለሁ።"

"እንግዲያው ሽማግሌ ነህ።"

ሹመት እንዲህ ነው፤ አንዴ ከተሾመ በኋላ ሰው ራሱን ማክበር ይጀምራል። በሁለተኛው ቀን ድምፄን ወፈር አድርጌ ወጉን ማስተማር ጀመርኩ። "እኛ ዘንድ" እላለሁ ጣቴን አንስቼ፣ "ሽማግሌ ቁጭ በሉ ቢባል እንኳ ጥያቄው ሳይመለስለት አይቀመጥም። ቆሞ ነው የሚለምነው። ደግሞ ልጁ አብሮ አይሄድም፤ ቤቱ ይቀመጣል።"

"ዕቃው ሳይታይ ምን ብዬ ነው የምለምነው?" አሉ ማማ ኩንሌ። ተከራከርን። ኩንሌ መኪና ውስጥ እንዲጠብቅ ተስማማን።

ሁለት ነገር ግን ተረሳ። አንደኛውን እኔ ረሳሁ፤ የሴት ወገን በመጀመሪያው ቀን እሺ እንደማይል፣ "ቤተሰብ እንምከርበት፣ ተመለሱ" ማለቱ ክፋት ሳይሆን ክብር መሆኑን ሳልነግራቸው ቀረሁ። የራሴን ንግግር በግጥም እያዘጋጀሁ ነበር፤ አንዲት መስመር አልገጥም ብላኝ ሁለት ቀን በልታብኛለች። ሁለተኛውን እነሱ አልነገሩኝም። እነሱ ዘንድ ልጅ የሚጠየቀው፣ ጠያቂው በልጅቷ አባት ፊት በደረቱ ምድር ላይ ተዘርግቶ ነው። አባትየው እስኪያነሱት ድረስ አይነሳም። ካነሱት ደግሞ ተቀበሉት ማለት ነው፤ አለቀ። ይህን ያልነገሩኝ ደብቀው አይደለም። ማን ለማን በር ማንኳኳትን ያስተምራል?

ቀኑ በፈረንጆቹ 2021፣ የላስ ቬጋስ ሙቀት መግቢያ ላይ የዋለ እሑድ ነበር። ማማ ኩንሌ ለሁላችንም ከአንድ ጣቃ ልብስ አሰፍተውልናል፤ ብርቱካናማ ላይ ትልልቅ ሰማያዊ ዓሣ። ከዚያው ጨርቅ የተሰፋ ማስክም አለን። አንክል ፌስተስ በሰፊው ቀሚሳቸው ላይ ሌላ ሰፊ ቀሚስ ደርበው የመኪናውን የኋላ ወንበር ሞሉት። የማማ ኩንሌ የራስ ጥምጥም ወደ ላይ ስለሚሄድ የመኪናው ጣሪያ አልበቃው ብሎ፣ ከሰሜን ላስ ቬጋሱ ቤታችን እስከ ጋሽ ወርቅነህ ሰፈር ሲልቬራዶ ራንች ድረስ አንገታቸውን ወደ ትከሻቸው ዘመም አድርገው ሄዱ። እኔም ብርቱካናማ ነኝ። አጠገባችን ቀይ መብራት ላይ የቆሙ ቱሪስቶች ትርኢት የሚያሳይ ቡድን መስለናቸው ፎቶ አነሱን።

ጋሽ ወርቅነህ ጥቁር ሱፍ ለብሰው በር ላይ ተቀበሉን። ዓይናቸው እኔ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"አንተ የማን ልጅ ነህ?"

"ሽማግሌ ነኝ፣ ጋሼ" አልኩ።

ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ነርሲንግ ሆም የሚሠሩ ሴት ናቸው፤ እጃችን ላይ ሳኒታይዘር አፍስሰው አስገቡን። ሩት በወጉ መሠረት ጓዳ ናት። አንክል ፌስተስ ስልካቸውን ከፍ አድርገው ይዘዋል፤ ስክሪኑ ላይ ሌጎስ ያሉ ዘመዶች በሙሉ ተጠጋግተው፣ መሀል ላይ የኩንሌ አባት ታላቅ ወንድም፣ የቤተሰቡ የበላይ የሆኑት ሽማግሌ፣ ማራገቢያ ይዘው ተቀምጠዋል። ኩንሌ መኪና ውስጥ ነው።

"አረፍ በሉ" አሉ ጋሽ ወርቅነህ።

"አንቀመጥም!" አልኩ፤ ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ወጣ። ማማ ኩንሌም ባስተማርኳቸው መሠረት "አንቀመጥም" አሉ በእንግሊዝኛ። ጋሽ ወርቅነህ ደስ እንዳላቸው አየሁ። ወጉን ያውቃሉ ማለት ነው። ራሳቸው ሶፋቸው ላይ ተደላድለው ተቀመጡ፤ እኔም ግጥሜን ለመጀመር ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

ያን ጊዜ ማማ ኩንሌ በሩን ከፍተው፣ ሪሞት በሚጠይቁበት ድምፅ "ኩንሌ!" አሉ።

ነገሩን በጋሽ ወርቅነህ ዓይን እዩት። ሰላማዊ እሑድ ነው። ድንገት ዓሣ የለበሰ ግዙፍ ሰው ከውጭ ሮጦ ይገባል። ፊቱ በላብ ርሷል፤ በዚያ ሙቀት መኪና ውስጥ ቆይቷላ። አንድ ቃል ሳይናገር፣ እግራቸው ሥር፣ በደረቱ ዷ! ይላል። አይንቀሳቀስም።

"ኢየሱስ!" አሉ ጋሽ ወርቅነህ። "ሙቀት መታው! በዚህ ፀሐይ ሰው መኪና ውስጥ ይተዋል? ዘነበች! ናይን ዋን ዋን ደውይ!"

እትዬ ዘነበች ስልክ አልፈለጉም፤ ሥራቸው ነው። ከወጥ ቤት በጆግ ቀዝቃዛ ውሃ ይዘው መጥተው ማጅራቱ ላይ ገለበጡበት። ኩንሌ ተንቀጠቀጠ እንጂ አልተነሳም። የፍሪዘር በረዶ ብብቱ ውስጥ ከተቱበት። አልተነሳም። በጀርባው ሊገለብጡት ትከሻውን ሲይዙት ምንጣፉን በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘ።

"ሰውነቱ ደርቋል!" ብለው ጮኹ። "ወርቅነህ፣ እግሩን ያዝ!"

እኔ አፌን ከፍቼ ቆሜያለሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔም የሞተ መስሎኛል። ማማ ኩንሌን ባይ እጃቸውን አጣምረው፣ ልጃቸው ላይ በሚደረገው ሁሉ ረክተው ቆመዋል። ውሃውንም በረዶውንም የሐበሻ ወግ ነው ብለው አስበው ነበር፤ በኋላ ነው የነገሩኝ።

ጋሽ ወርቅነህ በመጨረሻ ጎንበስ ብለው በሁለቱ ብብቶቹ ሥር እጃቸውን ከተው፣ "ተነስ! በእግዚአብሔር፣ ተነስ!" እያሉ ጎትተው አቆሙት።

ማማ ኩንሌ እልልታውን አቀለጡት። አንክል ፌስተስ ቀሚሳቸውን ሰብስበው መዝፈን ጀመሩ። ስልኩ ውስጥ ያለው ሌጎስ ሁሉ ብድግ ብሎ ጨፈረ፤ የሆነ ሰው ድስት ይመታል። ኩንሌ እያንጠባጠበ ጋሽ ወርቅነህን አቀፋቸው።

"ምንድን ነው? ዳነ ብለው ነው?" አሉኝ ጋሽ ወርቅነህ ከዕቅፉ ውስጥ ሆነው።

ኩንሌ ራሱ በአጭሩ ሲያስረዳቸው፣ ለእኔም ለእሳቸውም እኩል ነው የገባን። የጋሽ ወርቅነህ ፊት መጀመሪያ ነጣ፤ ቀጥሎ ጠቆረ። ዕቅፉን በቀስታ አላቀው፣ ሱፋቸውን አስተካክለው፣ በታክሲ እንግሊዝኛቸው ጥርት አድርገው ተናገሩ።

"እኔ የወደቀ ሰው አነሳሁ እንጂ ልጅ አልሰጠሁም። በእኛ አገር ሴት ልጅ በአንድ ቀን አትሰጥም። ቤተሰብ እንመክራለን። ሁለት ሳምንት ጠብቁ።"

እልልታው ተቋረጠ። ማማ ኩንሌ ዞረው አዩኝ። ያ አስተያየት በጽሑፍ የሚገለጽ አይደለም፤ ሞክሬያለሁ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ልጃቸው መለሱ።

"ኩንሌ።"

"ማ?"

"ተኛ።"

ኩንሌ ርጥብ ምንጣፉን አየው፣ እናቱን አየ፣ ተመልሶ ተዘረጋ።

"የመጀመሪያው ካልተቆጠረ ሁለተኛው ይቆጠራል" አሉ ማማ ኩንሌ። "ሁለት ሳምንት አይደል ያሉት? ይጠብቃል። እዚሁ።"

እንግዲህ አስቡት። እኛ ሦስታችን ቆመናል፤ መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም። ኩንሌ ተኝቷል፤ ካላነሱት አይነሳም። ጋሽ ወርቅነህ ሶፋው ላይ ተመልሰው እጃቸውን ብብታቸው ሥር ደብቀዋል፤ ሳያውቁት በድጋሚ እንዳያነሱት የፈሩ ይመስላሉ። እትዬ ዘነበች ያሰናዱት ምግብ ከወጥ ቤት ወደ ጠረጴዛው የሚያልፍበት መንገድ ላይ ኩንሌ አለ፤ ኩንሌን ደግሞ ዞሮ ማለፍ አይቻልም።

"አንተ፣ ሽማግሌው" አሉኝ ጋሽ ወርቅነህ በአማርኛ። "ለእነዚህ ሰዎች ምንድን ነው ያስተማርካቸው?"

"እንዳይቀመጡ ነው ጋሼ።"

"ጎበዝ። አንዱ እንኳ አልተቀመጠም።"

ሩት ጫጫታው ቢቆምም ሰው ሲናገር አልሰማ ብሏት ከጓዳ ብቅ አለች። "ዳዲ፣ ለምን እሱ ወለል ላይ ነው?" አለች። ጠጋ ብላ አየችው። "ማሚ፣ ለምን እሱ እርጥብ ነው?"

የደስታ ልብሷን ለብሳ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ በሩ ሥር ቆመች። ሳቄ ያለቀው ያን ጊዜ ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ዓመት ሙሉ የጠበቁት ቀን፣ እኔ ግጥም ሳሳድድ በረሳኋት አንዲት ዓረፍተ ነገር ምክንያት ምንጣፍ ላይ ተዘርግቶ ቀርቷል። ጋሽ ወርቅነህ "ሂዱልኝ" ቢሉ አለቀ። አንገታቸው ላይ ያለው ጅማት ሊሉ እንደሆነ ይናገራል።

በዚህ መሀል ሌጎስ ላይ መብራት ሄዶ ኖሮ ስክሪኑ ጨልሞ ነበር። ተመልሶ ሲበራ የሌጎሱ ሽማግሌ ተጠግተው አጨነቆሩ።

"ፌስተስ! ልጁ እንደገና ወለል ላይ ነው? ደግሞ ምን አጠፋ?"

"እየጨረስን ነው ሰር" አሉ አንክል ፌስተስ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው "የኔ ልጅ፣ እግሬ ከድቶኛል። አንድ ጊዜ ቁጢጥ ብል ወጋችሁ ይፈርሳል?" አሉኝ።

ጋሽ ወርቅነህ ኩንሌን ትክ ብለው ያዩ ነበር።

"ሥራህ ምንድን ነው?" አሉት። "ሎጂስቲክስ ነው ብላኛለች ሩት።"

ኩንሌ ምንጣፉ ውስጥ የሆነ ነገር አጉረመረመ።

"ሎጂስቲክስ ነው!" አሉ ማማ ኩንሌ ከላይ።

"እሱን ነው የጠየቅሁት። አይሰማኝም። በምንጣፍም በማስክም ውስጥ ነው የሚያወራው።" ጋሽ ወርቅነህ ተነሱ። ሁላችንም በሩን የሚያሳዩን መሰለን። እሳቸው ግን ሶፋውን ተደግፈው፣ አንድ ጉልበት፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ እያቃሰቱ ወረዱና ከኩንሌ ራስ አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። "በል። ፊትህን አዙር። ፊቱን ላላየሁት ሰው ልጄን አልሰጥም፣ አልከለክልምም።"

ኩንሌ ጉንጩን ምንጣፉ ላይ አድርጎ አያቸው። "ፎርክሊፍት ነው የምነዳው ሰር። ኤፔክስ።"

ማማ ኩንሌ ጥምጥማቸውን ያዙ። ጋሽ ወርቅነህ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኔም የትራንስፖርት ባለሙያ ነኝ እላለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ሲጠይቁኝ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ቀጠሉ። "አንድ ልጅ ናት ያለችኝ። ነገ ሌጎስ ይዘሃት ብትገባስ?"

"እናቴ እዚህ ናት ሰር። የት እሄዳለሁ?"

"አሁን እምቢ ብልህ ትነሳለህ?"

ኩንሌ አሰበ። "አልነሳም ሰር።"

"ለምን? እስከዚህ ትወዳታለህ?"

"እወዳታለሁ ሰር። ደግሞ እናቴ ከኋላዬ ቆማለች።"

የጋሽ ወርቅነህ ማስክ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያሳላቸው መስሎኝ ነበር፤ እየሳቁ ነው። ቀና ብለው በአማርኛ "ዘነበች፣ ይሄን ልጅ አሳዳጊ አልበደለውም" አሉ። እትዬ ዘነበች በጉንፋን ሰበብ ዓይናቸውን ጠረጉ። ማማ ኩንሌ ምን እንዳሉ ጠየቁኝ፤ ስተረጉምላቸው አገጫቸው ከፍ አለ፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ዓረፍተ ነገር ሲጠብቁ የኖሩ ይመስሉ ነበር።

አባት ግን አባት ነው። በመጀመሪያው ቀን እሺ ያለ አባት፣ ልጁ ተርፋበት ነው ይባላል። ስለዚህ ጋሽ ወርቅነህ "እሺ" አላሉም። "ተነስ" ማለት ደግሞ ዋጋው ምን እንደሆነ አሁን ያውቃሉ። ሶፋውን ጨብጠው ሊነሱ ሞከሩ። ጉልበታቸው እምቢ አለ። የስንት ዓመት ታክሲ ያደረቀው ጉልበት ነው። ሁለተኛ ሞከሩ። ሩት ልትደግፋቸው ስትራመድ እጃቸውን አንስተው አስቆሟት፤ ያንኑ እጅ ወደ ኩንሌ ዘረጉ።

"በል አንሳኝ" አሉት።

ኩንሌ ወደ እናቱ አየ። ማማ ኩንሌ በአገጫቸው ፈቀዱ። ብድግ አለና በአንድ ትንፋሽ፣ ካርቶን ከመደርደሪያ እንደሚያወርድ ሰው በጥንቃቄ፣ አማቱን አንስቶ አቆማቸው።

እልልታው ጣሪያውን ነካ። ስልኩ ውስጥ ድስቱ እንደገና ተመታ።

"ሁለት ሳምንት!" እያሉ ይጮኻሉ ጋሽ ወርቅነህ በአንክል ፌስተስ ቀሚስ ተጠቅልለው። "ሁለት ሳምንት ብያለሁ! እኔ አላነሳሁትም! ሁላችሁም አይታችኋል፣ እሱ ነው ያነሳኝ!" ከዚያ ወደ እኛ ዞረው፣ ደክሟቸው፣ "አሁን ግን ስለ እግዚአብሔር ተቀመጡ" አሉ። አንክል ፌስተስ የተርጓሚ እርዳታ ሳይጠብቁ ሶፋው ላይ ወደቁ። ግጥሜን የጠየቀኝ ሰው የለም።

ቀጣዩን ሁለት ሳምንት ሁለት አገር ውስጥ ኖርኩ። ሲልቬራዶ ራንች ስደውል ቤተሰቡ በጥልቅ ምክክር ላይ ነው፤ ገና ምንም አልተወሰነም። ሰሜን ላስ ቬጋስ ቤቴ ስገባ ሳሎኑ በጨርቅ ጣቃ ተሞልቶ ማማ ኩንሌ የሠርግ ልብስ ይቆርጣሉ። ማንም ማንን አይጠይቅም፤ ሁሉም እኔን ያያል። ሁለቱም ወገን ትክክል እንደሆነ ለሁለቱም ወገን እመሰክራለሁ።

በቀጠሮው ቀን ጋሽ ወርቅነህ ደወሉልኝ። ድምፃቸው ከባድ ነው። "ለሰዎቹ አድርስልኝ" አሉኝ። "ቤተሰብ በሰፊው መክሯል። ጥያቄያቸውን ተቀብለናል።"

ኩራት በኩራት ሆኜ ወደ ሳሎን ሄድኩ። የመጀመሪያ ሽምግልናዬ ሰመረልኝ። ማማ ኩንሌ ወለሉ ላይ ተንበርክከው፣ አፋቸው መርፌ ይዞ፣ ብርቱካናማ ያልሆነ ጨርቅ ያጥፋሉ።

"ማ፣ መልሱ መጣ" አልኩ።

መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከአፋቸው አወጡ።

"የምን መልስ?"

"የጥያቄያችን መልስ ነዋ።"

"የቱ ጥያቄ? ያን ዕለት አንስተውት አልቋል አይደል እንዴ?"

"ማ፣ እሳቸው እኮ አላነሱትም። ኩንሌ ነው ያነሳቸው።"

"ማንም ማንን ያንሳ" አሉኝና የልብስ መለኪያ ሜትራቸውን ትከሻዬ ላይ ዘረጉት። "ቀጥ ብለህ ቁም። ሽማግሌ አይጎብጥም።"